የውስጠኛው አቡጀዲ

ዘሐራ የሞተች ዕለት ሳጥኗን የከፈትኩት እኔ ነበርኩ። አጣቢዎቹ ሴቶች ከጓዳ ብቅ ብለው "ከፈን አዘጋጅታለች ወይ?" ሲሉ ቤቱን የሞላው ሰው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። እኔ ክርስቲያን ነኝ፤ ገላዋን ማጠቡም መከፈኑም የነሱ ነው። የሳጥኗ ቁልፍ የትኛው ምስማር ላይ እንደሚንጠለጠል ግን ከእኔ በቀር የሚያውቅ አልነበረም። ክዳኑን ሳነሳው የብል መድኃኒትና የቆየ ጨርቅ ሽታ አንድ ላይ ወጣ። አዲስ አቡጀዲ የሩዝ ቅቅል ውሃ ነው የሚሸተው፤ የቆየው ደግሞ ያንኑ ሽታ አምቆ ይኖርና የከፈቱት ቀን ባንዴ ይለቀዋል። ታጥፈው የተቀመጡት ሁለት ነበሩ። አንደኛው ጠርዙ ቢጫ እስኪሆን ያረጀ፣ ሌላኛው ገና ነጭ። ቢጫውን አንስቼ ለሴቶቹ ሰጠሁና ነጩን እዚያው ተውኩት። ከዚያ እንባዬ መጣ፤ ለዘሐራ ይሁን ለራሴ ወጣትነት አላውቅም፣ ቢጫው ጨርቅ ሁለታችንንም ያውቀን ነበርና።

ዓመተ ምሕረቱን ጥሪ ብላችሁ አታስጨንቁኝ። ሻይ በአሥር ሳንቲም የሚጠጣበት፣ ወንዶቹ ጎፈሬያቸውን አበጥረው እግሩ የሰፋ ሱሪያቸውን መሬት እያስጠረጉ ፒያሳን የሚዞሩበት ጊዜ ነበር ማለት ይበቃል። እኛ የደሴ ልጆች ከጦሳ ተራራ ጉም ሳይገፈፍ ተነስተን፣ በሐረጎ ጠመዝማዛ ቁልቁል ኮምቦልቻ እንወርዳለን፤ ከዚያ ደግሞ ወደ ባቲ፣ ወደ ሰኞ ገበያው። ጨርቁ ከባሕር ማዶ መጥቶ በግመል ባቲ ይገባል። ናይለኑ፣ ጀርሲው፣ አበባ ያለበት ሻርፕ፣ ለወንዶች ሽርጡ። መንግሥት ኮንትሮባንድ ይለዋል፤ እኛ "ሥራ" ነበር የምንለው። ሥራው ደግሞ መልበስ ነበር። በአንድ ቀሚስ ባቲ የወረደች ልጅ፣ አንዱን ባንዱ ላይ ደርባ ደራርባ፣ በዚያ የቆላ ሐሩር ላብ እያጠመቃት በኤንትሬ መኪና ትመለሳለች። ኬላ ላይ ፊናንሶቹ ጭነቱን ይፈትሻሉ፣ የሴት ገላ ግን አይነኩም፤ ነውር ነው። ለብሰሽው ከመጣሽ ያንቺ ነው። አንድ ሾፌር ነበረን፣ በባቲ ቅኝት የሚያንጎራጉር፣ መሪውን ይዞ እንዲህ እያለ ያበሽቀን ነበር፦

ቀጥና የወረደች፣ ወፍራ ተመለሰች፣
ባቲ ምን በልታ ነው፣ ምን ነው የቀመሰች?

ዘሐራ ትስቃለች። ከእኔ በጥቂት ዓመት ታንሳለች፣ ቀጭን ነበረች፣ ስትስቅ የደረበችው ሁሉ አብሯት ይንሿሿል። "እታለም፣ ዝም በይው" ትለኛለች እንደ ታላቅ እህቷ፣ "ስንደርስ እናወልቅና እሱን እናለብሰዋለን።" ኮምቦልቻ ስንገባ ከአንድ ሻይ ቤት ጓሮ ገብተን ቀሚሱን አንድ በአንድ እናወልቃለን። የላይኛውን አንዷ፣ የታችኛውን ሌላዋ ትቀበለናለች፤ መጨረሻ ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ይሰጡናል። ያን ውሃ ዛሬም በህልሜ እጠጣዋለሁ።

የጨርቁ ሁሉ ባለቤት ሐጂ ይማም ነበሩ። ቢያዩዋቸው የማንም ባለቤት አይመስሉም። በሽርጥና በነጭ ቆብ ሻይ ቤቱ ጥግ ይቀመጣሉ፣ አንድ ክር እንኳ በእጃቸው አይዙም። ከባቲ እስከ ደሴ ማን ምን እንደጫነ፣ የትኛው ፊናንስ ልጁን ሊድር እንደሆነ፣ የትኛዋ ልጅ ሆዷን እንደታመመች ያውቃሉ። የሐጂ ሕግ አንድ ነበር፤ ከሁሉ በታች፣ ሥጋችን ላይ፣ አንድ አቡጀዲ እንጠመጠማለን። እሱ አይሸጥም። የጠመጠምሽው ያንቺው ነው። እኔ መጀመሪያ ቀን፣ ገና ምንም ሳላውቅ፣ "ሐጂ፣ ይሄኛው ለማን ነው የሚደርሰው?" ብዬ ጠየቅኳቸው። ቀና ብለው አዩኝና፣ "ለአፈር ነው ልጄ" አሉኝ። "መንገድ ሞት አለው። የኔን ዕቃ ይዛ የሞተች ልጅ ሳትከፈን አትቀበርም። አንቺም ብትሆኚ ለመግነዝ ይሆንሻል።" እንዲህ ሆነና ገና አሥራ ስምንት ያልሞላን ልጆች መግነዛችንን ለብሰን እየሳቅን እንሄድ ነበር። ወጣት ምን ይገባዋል።

ሕጉ ቀልድ እንዳልነበር ያየሁት ሐዋ የምትባል የቢስቲማ ልጅ የሞተች ጊዜ ነው። የባቲን ዳገት ስንወጣ፣ መኪናው ቆሞ በእግር ስንሄድ፣ በደረበችው ብዛት ሙቀቱ ጣላት። ውሃ ብናፈስባትም አልተነሳችም። ሐጂ ሲሰሙ መኪና ይዘው መጡ፤ በጠራራ ፀሐይ፣ በፊናንሶቹ ፊት፣ ሬሳዋን አስጭነው ወደ ደሴ ወጡ። ኬላው ላይ "ምንድን ነው የጫናችሁት?" ሲባሉ ጨርቁን ገልጠው አሳዩ። ፊናንሱ ቆቡን አወለቀ። እኛ ሰፈር ሲደርሱ የቅሬያችን፣ የእድራችን፣ ጡሩምባ ተነፋ። ያንን ጡሩምባ ገዝተው ለቅሬው የሰጡት ራሳቸው ሐጂ ናቸው። "የቢስቲማዋ ልጅ ሐዋ አርፋለችና ቅሬ ውጣ!" ተባለ፣ እስላሙም ክርስቲያኑም ወጣ፣ ያልታወቀች የሰው አገር ልጅ ተለቀሰላት። ቀሚሶቹ አንድ በአንድ ወለቁላት፣ መጨረሻ ላይ ነጩ ቀረ። ሐዘኗ እስኪወጣ ድረስ ባቲ የወረደ ሰው አልነበረም።

ሐጂን መልአክ አድርጌ የሳልኳቸው እንዳይመስላችሁ። ስማቸውን ለፊናንስ የጠራች አንዲት ሴት ከኛ መደዳ ነበረች። ማንም አልደበደባት፣ ማንም አልሰደባት። እሳት ልትጭር ስትመጣ ግን ምድጃው ሁሉ ጠፍቶ ተገኘ። ከገበያ ስትገባ "እንዴት ዋልሽ" የሚላት አጣች። በዓመቱ ዕቃዋን ጭና ገራዶ ሄደች፤ የሸኛትም የለም። እኛም ይሄን እንደ ጨዋነት ነበር የምናየው። አፍ መያዝ ከሁሉ በላይ የተመሰገነ ጠባይ ነበር፤ ልጅ ሲመረቅ እንኳ "አፍሽን ያብርደው" ይባል ነበር።

ያን ሁሉ ዛሬ የያዘው ሸምሱ ነው፣ የሐጂ የልጅ ልጅ። ጨርቁ አሁን በየሱቁ ተከምሯል፣ ኬላ አያስፈራም፣ አበባ ያለበት ሻርፕ ለማየት ባቲ የሚወርድ የለም። መንገዱ ግን ያው ነው። አሁን የሚጫነው ሰው ነው። ከየገጠሩ፣ ከሐርቡ፣ ከወረባቦ፣ ከኛም ሰፈር የሚመጡት ልጆች ኮምቦልቻ አንድ አጥሩ ከፍ ያለ ግቢ ውስጥ ይሰበሰባሉ፣ በባቲ አድርገው አፋር በረሃ ይገባሉ፣ ከዚያ ባሕሩ፣ ከዚያ የመን፣ ከዚያ የሳውዲ ድንበር። መሐል ላይ የሚታገቱት ታግተው፣ አባት በሬውን ሸጦ ያስለቅቃቸዋል። ሸምሱ ይሄን ሁሉ በእጁ አይነካም። ሁለት ስልክ ይዞ፣ ሽቶው ከሩቅ እያወደ፣ ሽማግሌ ሲያይ ከመኪናው ወርዶ እጅ የሚስም ልጅ ነው። ከኋላው አሻጋሪ ይሉታል፤ ፊት ለፊት ግን የቅሬያችን ዳኛ ነው። ድንኳኑን የገዛው እሱ፣ ወንበሩን እሱ፣ የሰፈሩን ውሃ ያስገባው እሱ። ሌባ ከሰፈራችን ጠፍቷል። ባልና ሚስት ሲጣሉ፣ ድንበር ሲገፋ ሰው ፍርድ ቤት አይሄድም፤ ሸምሱ ይቀርባል፣ ሸምሱ ይፈጥናል። ፖሊሱም የራሱን ጠብ ይዞ ሲመጣ በዓይኔ አይቻለሁ።

እሱም እንደ አያቱ አንድ ሕግ አለው፤ የመንገድ ሞት አይለፈፍም። በበረሃ ወይም በባሕር ለቀረ ልጅ ጡሩምባ አይነፋም፣ ድንኳን አይተከልም፣ ለቅሶ አይደረስም። ሲጠየቅ በሃይማኖት ይመልሳል፦ "ጀናዛ ያላየንበትን፣ ሬሳው ያልመጣበትን ሞት እንዴት እናውጃለን? ረቢ ነው የሚያውቀው።" ነገሩ ግን ሌላ ነው። ለአንድ ልጅ ጡሩምባ ቢነፋ፣ በማግስቱ አሥር እናት ኮምቦልቻ ወርዳ ከዚያ ግቢ ልጇን እየጎተተች ታወጣለች። ይሄን ሕፃን እንኳ ያውቀዋል። ስለዚህ በሰፈራችን ልጆች ይሄዳሉ እንጂ አይሞቱም። አንዳንዱ እስር ቤት ነው፣ አንዳንዱ ስልኩ ተበላሽቶበት ነው፣ አንዳንዱ አግብቶ እናቱን ረስቶ ነው።

ኑርዬ የዘሐራ የመጨረሻ ልጅ ነው፣ ከዘገየች በኋላ ያገኘችው። ሲሄድ እዚያው ነበርኩ። ጅንስ ሱሪና ቢጫ ቲሸርት ለብሷል፣ ጸጉሩን በቅባት አሳምሯል፣ ሰርግ የሚሄድ ነበር የሚመስለው። ዘሐራ አዲስ የገዛችውን አቡጀዲ ይዛ ወጣች። "ከስር ጠምጥመው ልጄ" አለችው፣ "እኛ እንዲህ ነበር የምንሄደው።"

"እማ፣ ጅንስ ውስጥ ከፈን?" ብሎ ሳቀ። "ሙቀቱ ራሱ ይገለኛል እኮ!"

"በረቢ ልጄ፣ ለኔ ስትል።"

ግንባሯን ሳማት፣ ጨርቁን መልሶ ትከሻዋ ላይ አደረገላትና "አብሽሪ" ብሏት ሄደ። ሳጥን ውስጥ ያየሁት ነጩ አቡጀዲ ያ ነው።

ወሬውን ያመጣው ጀማል የሚባል የሐርቡ ልጅ ነው፤ አብረው ከሄዱት፣ ከሞት ተርፎ ተይዞ የተመለሰ። የእግሩ ቆዳ ተልጦ፣ ከንፈሩ ተሰነጣጥቆ፣ ዘሐራ በር ላይ ቆመ። እኔ እሷ ዘንድ ጎመን እየቀነጠስኩ ነበር። "እማማ ዘሐራ፣ አውፍ ይበሉኝ፣ ይቅር ይበሉኝ" አለ፣ ሳይቀመጥ። "ከባሕሩ ወዲህ ውሃ አለቀብን። ኑርዬን በእጄ ነው የቀበርኩት። ድንጋይ ከመርኩበት፣ ሌላ ነገር አልነበረም።" ዘሐራ አልጮኸችም። "በምን ከፈንከው?" አለችው። "በቲሸርቱ ፊቱን ሸፈንኩት" አለ ልጁ፣ ከዚያ እሱ ራሱ አለቀሰ፣ እሷ አባበለችው። ልጇን የቀበረላትን እጅ ይዛ ሳመች። እኔ በሕይወቴ ብዙ አይቻለሁ፣ እንደዚያ ያለ አላየሁም።

የቅሬው ስብሰባ ዕለት ነጩን አቡጀዲ በክንዷ ይዛ ገባች። ድንኳኑ ሞልቷል። ጡሩምባ ነፊያችን አያ ሞላ ጡሩምባውን ጉልበቱ ላይ አጋድሞ ተቀምጧል። ዘሐራ መሐል ቆመችና ጨርቁን ወንበር ላይ ዘረጋች። "ጀናዛው የለም፣ ከፈኑ ይሄው" አለች። "ልጄ ሞቷል። ጡሩምባ ይነፋልኝ፣ የሩቅ ሶላት ይሰገድበት። ሌላ አልጠይቅም።"

ሸምሱ ተነስቶ ቆመ፤ እሱ ለእናት ተቀምጦ አይናገርም። "እማማ ዘሐራ፣ እርስዎ የሁላችንም እናት ነዎት። በሕይወት ባለ ሰው ላይ ግን አይሰገድም፤ ጀሊሉ ይቆጣል። ማን ነው ሞተ ያለዎት?"

"ጀማል ቀብሬዋለሁ ብሏል። ያውና፣ ሊመሰክርልኝ መጥቶ ተቀምጧል።"

ሁሉም ዞረ። ጀማል አንገቱን አቀርቅሮ፣ "ሌላ ሰው ነበር እማማ" አለ። "ተመሳስሎብኝ ነው። ወላሂ፣ ውሃ ጥሙ አዙሮኝ ነበር።" እህቱ ያን ሳምንት ኮምቦልቻ፣ እዚያ የሸምሱ ግቢ ውስጥ ነበረች። ይሄንንም ድንኳኑ በሙሉ ያውቅ ነበር።

እኔ ብድግ አልኩ። "እኔ ሰምቼዋለሁ! በእጄ ቀበርኩት ሲል ጎመን እየቀነጠስኩ ሰምቼዋለሁ!" ሸምሱ ፈገግ አለልኝ፣ ክፉ ፈገግታ አልነበረም፣ እሱ ነው ያስፈራኝ። "እማማ አስናቀች፣ ይቀመጡ፣ እግርዎን ያምዎታል። የልጅዎ ልጅ እንዴት ነው? ኮምቦልቻ ሥራ ገባ ሲሉኝ ደስ ብሎኛል። ማታ ማታ ብቻውን ነው አሉ በእግሩ የሚገባ፤ ይጠንቀቅ በሉልኝ።" ተቀመጥኩ። አያ ሞላን አየሁት። ከጡሩምባው ላይ ዓይኑን አላነሳም፣ በጋቢው ጫፍ የጡሩምባውን አፍ ይወለውል ነበር። ዘሐራ ጨርቋን አጠፈችና ወጣች።

በማግስቱ ደጇ ላይ ምንጣፍ አነጠፈች፣ ነጠላዋን ዘቅዝቃ ለብቻዋ ለቅሶ ተቀመጠች። ያ መደዳ እንደዚያ ጭር ብሎ አይቼው አላውቅም። ሰው በሌላ መንገድ ዞሮ ገበያ ሄደ። እኔ በጓሮ በኩል፣ አጥር ሾልኬ፣ ሄጄ አጠገቧ ተቀመጥኩ፤ በፊት ለፊት ግን አልሄድኩም። አንድ ጊዜ ብቻ፣ "እታለም" አለችኝ፣ "ያኔ ዝም ያልነው ለጨርቅ ነበር። ይሄ ሸምሱ ዝምታውን ከኛ ነው የወረሰው፣ ለምን እንደሆነ ብቻ አላወረስነውም።" ገራዶ የሄደችውን ሴት አሰብኩ። ከሰዓት ከቅሬው ሰው መጣ፤ ምንጣፉን ካላነሳች ከቅሬ ወጥታለች ተባለች። ከቅሬ የወጣ ሰው ሲሞት ጡሩምባ አይነፋለትም፣ ጉድጓድ አይቆፈርለትም፣ ቃሬዛ የሚሸከም የለውም። ዘሐራ ያኔ ታማ ነበር፣ ማታ ማታ ትንፋሽ ያጥራት ነበር። ልጇ ድንጋይ ተከምሮበት ቀርቷል፤ እሷም እንደዚያው መቅረቱን ፈራች። አልፈርድባትም።

በሳምንቱ ራሷ ሄደች፣ በቅሬው ፊት ቆመች፣ "ልጄ አለ" አለች። "ልጄ ሳውዲ ነው፣ ተሳስቼ ነው፣ አውፍ በሉኝ።" አውፍ ተባለች። ሸምሱ እጇን ሳመ። ለኢድ ደግሞ ዶቃ ያለበት ጥቁር አባያ በላስቲክ ተጠቅልሎ ቤቷ መጣ። "ኑርዬ ነው የላከልዎት፣ ከጅዳ" አላት ያመጣው ሰው፣ ዓይኗን እያየ። ለቀጣዩ ኢድም ቴምር መጣ፣ ከኑርዬ። ጎረቤቶች ለምስጋና እየገቡ "ማሻአላህ፣ እናቱን የማይረሳ ልጅ" ይሏታል፣ እሷም "አልሐምዱሊላህ" ትላለች። አባያውን አንድ ቀን አልለበሰችውም። ኋላ ኋላ ግን፣ ይሄን ስናገር ልቤ ይደማል፣ አንድ ቀን ቴምሩን እየበላች "ይሄኛው ዘንድሮ ይጣፍጣል አይደል? ልጁ መምረጥ ያውቃል" አለችኝ። ቀና ብዬ አየኋት። አልቀለደችም።

እንዲህ ኖራ ሞተች፣ እንደተመኘችውም ተቀበረች። ጎህ ሲቀድ አያ ሞላ የሐጂን ጡሩምባ ነፋ፤ "የኑርዬ እናት ዘሐራ አርፋለችና ቅሬ ውጣ!" እያለ ከላይ እስከ ታች መደዳውን ዞረ። ጉድጓዱን የክርስቲያን ልጆች ቆፈሩ፣ ቃሬዛውን እየተቀባበሉ ወሰዱ፣ ያ ቢጫ አቡጀዲ ከዚያ ሁሉ ዘመን በኋላ ሥራውን ሠራ። ከቀብር መልስ ድንኳኑ ጢም አለ። ጀማልም መጥቷል፣ ሰው ያስታጥባል፤ እህቱ የት እንደደረሰች የጠየቀው የለም። ከበር ወዲህ፣ ሁለት የሰፈራችን ልጆች አዲስ ጫማ አድርገው ተቀምጠዋል። ነገ ሊሄዱ ነው።

ሸምሱ ማጉያውን ያዘ፣ ጉሮሮውን ጠረገ። "ኑርዬን በስልክ አርድተነዋል" አለ። "ክፉኛ አልቅሷል። 'እናቴን በክብር ስለቀበራችሁልኝ አላህ ይስጥልኝ፣ እዚህ ለሚመጡት የሰፈሬ ልጆችም እኔ አለሁላቸው' ብሏል።" ጀማል ማንቆርቆሪያውን እንደያዘ ቆመ፣ ውሃው እጁ ላይ ይፈስሳል። ያ ሁሉ ሰው፣ ከሽማግሌው እስከ ልጁ፣ ኑርዬ ከድንጋይ በታች መሆኑን ያውቃል። ከፊት መደዳ አንድ ሰው "አላህ ያጽናው" አለ። ሁለተኛው መደዳ "ያጽናው" አለ። ከወንዶቹ ወደ ሴቶቹ ተሻገረ፣ ከሴቶቹ ወደ ጥግ፣ እኔ ወዳለሁበት መጣ። ሳጥኑ ውስጥ የቀረው ነጩ አቡጀዲ ትዝ አለኝ፣ የልጅ ልጄ የማታ መንገድም ትዝ አለኝ።

"ያጽናው" አልኩ።